ሽቦውን ተወው፣ ምሰሶውን ፈልግ፦ ሄሊኮፕተር መብራት መስመር አጠገብ ሲሠራ ለምድር ሠራተኛ የሚሆን መመሪያ

በ2012 ዓ.ም አንበጣው ሲገባ ነው ሄሊኮፕተር ሥር መሥራት የጀመርኩት። "ሥር" ያልኩት በምክንያት ነው። አላበርም። ሥራዬ ነዳጅ ማቅረብ፣ ማረፊያ ማዘጋጀት፣ መንጋው የት እንዳደረ ከገበሬው ጠይቆ ለፓይለቱ ማድረስ ነበር።

አንድ ጠዋት ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የማሽላ ማሳ ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሄሊኮፕተሩ ዝቅ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ከማሳው ማዶ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ሻይ የጠጣሁት በሩ ላይ ነው። ድንገት ሄሊኮፕተሩ አፍንጫውን ሽቅብ አንስቶ በአናቴ ላይ አለፈ። ሆዱ ላይ የደረቀው ጭቃ ሳይቀር ታየኝ። ሲያርፍ ፓይለቱ አልጮኸም። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጠቆመና "ያ ወፍጮ በምንድን ነው የሚሠራው?" ብሎ ጠየቀኝ።

በናፍጣ መስሎኝ ነበር። ግን ግድግዳው ላይ የጭስ ማውጫ ቱቦ የለም። ጭስ ከሌለው በመብራት ነው። በመብራት ከሆነ ሽቦ ገብቶለታል። ሽቦ ከገባለት ምሰሶ አለ። ምሰሶዎቹ ባህር ዛፉ መሃል ተሸሽገው ነበር። ሻይዬን እየጠጣሁ ይህን ሁሉ ማየት እችል ነበር። አላየሁም።

የሚከተለው ከዚያ ጠዋት ወዲህ ያጠራቀምኩት ነው። ለፓይለት አይደለም፤ እነሱ ትምህርት ቤት አላቸው። ለቀበሌ የግብርና ባለሙያ፣ ለነዳጅ መኪና ሹፌር፣ ለነፍስ አድን በጎ ፈቃደኛ፣ በአጭሩ ምድር ላይ ቆሞ ሄሊኮፕተር ለሚጠብቅ ሰው ነው። በድሬ ደንብ "አንተ" እያልኩ እጽፋለሁ። አንቺ ከሆንሽ በ"አንቺ" አንብቢው። አንቱታ የሚፈልግ ካለ፣ አቦ፣ ይቅር ይበለን።

ከመጀመርህ በፊት፦ ሽቦ ለምን አይታይም?

ይህን ሳትረዳ ወደ ደረጃዎቹ አትሂድ። ካልተረዳህ ፓይለቱ "ያየዋል" ብለህ ትተወዋለህ።

በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሄደው የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት ሽቦ ውፍረቱ ከትንሿ ጣትህ አይበልጥም። አዲስ ሲሆን ያብረቀርቃል። ጥቂት ዓመት ፀሐይና አቧራ ሲመታው ግን ይደበዝዝና ግራጫ ይሆናል። ከኋላው ሰማይ ካለ ሰማይ ይመስላል፣ ተራራ ካለ ተራራ ይመስላል።

አሁን ፍጥነቱን አስብ። ሄሊኮፕተሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢበር በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ፓይለቱ መለኪያዎቹን ለማየት 2 ሰከንድ አንገቱን ቢደፋ 55 ሜትር አልፏል። አንገቱን ሲደፋ ያልነበረ ሽቦ ቀና ሲል አፍንጫው ላይ ነው።

የአንበጣ ሥራ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። አንበጣ ቀን ይበራል፣ ማታ ዛፍና ሰብል ላይ ያርፋል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚረጨው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳታሞቀውና ሳይነሳ ነው፤ አለዚያም ሊመሽ ሲል። በሁለቱም ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ዓይን ውስጥ ትገባለች። መስታወቱ ላይ ደግሞ የተጨፈለቀ አንበጣ ተለጥፏል።

ዓይንም ያታልላል። ከሩቅ ሲታዩ ከሁለት ሽቦዎች ከፍ ያለው ይበልጥ የራቀ ይመስላል። በትልልቆቹ የብረት ማማዎች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ወፍራሞቹ ሽቦዎች ከታች ናቸው። ከሁሉም በላይ፣ ማማው አናት ላይ፣ መብረቅ የሚከላከል ቀጭን ሽቦ ይሄዳል። ፓይለቱ ወፍራሞቹን አይቶ ከፍ ሲል ቀጭኑ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት መርማሪዎች በእርሻ በረራ ላይ የደረሱ የሽቦ አደጋዎችን ሲመረምሩ ከግማሽ የሚበልጡት ፓይለቶች ሽቦው እዚያ መኖሩን ቀድመው ያውቁ ነበር። አውቀው ነው የመቱት። ሥራ ላይ ሐሳባቸው ሲሄድ ረሱት። ስለዚህ አንድ ጊዜ መንገር በቂ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እኛ አገር መብራት ይጠፋል። "አሁን እኮ መብራት የለም፣ ችግር የለውም" የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ሄሊኮፕተርን የሚጥለው ኮረንቲው ብቻ አይደለም፤ ሽቦነቱ ራሱ ይበቃል። የሞተ ሽቦም በሚሽከረከረው ክንፍ ላይ ይጠመጠማል።

ደረጃ 1፦ ከአንድ ቀን በፊት ሦስት በር አንኳኳ

እኛ ሁሉንም "መብራት ኃይል" እንላለን። አሁን ግን ሁለት መሥሪያ ቤት ነው። በብረት ማማ ላይ የሚሄደው ትልቁ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በየሰፈሩና በየገጠሩ በምሰሶ የሚሄደው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። አንዱ ጋ ሄደህ ስለሌላው ብትጠይቅ ጠዋቱ ያልቅብሃል። ሁለቱም ጋ ሂድ። ካርታ ቢሰጡህ ጥሩ ነው። ከካርታው ይልቅ የሚጠቅምህ ግን መስመሩን የሚጠግነው ሠራተኛ ነው። የትኛው ምሰሶ ባለፈው ወር እንደተተከለ እሱ ያውቃል።

ሦስተኛው በር ባቡሩ ነው። እዚህ ላይ የድሬ ልጅ ራሱ ይሳሳታል። ከተማዋ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡር ጋር ነው የተወለደችው፣ ከዚራ ሰፈር ያደግነውም ከድሮው ሐዲድ ጋር ነው። የድሮው ባቡር በላዩ ሽቦ አልነበረውም። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ከሐዲዱ በላይ 25 ኪሎ ቮልት የተሸከመ ሽቦ አብሮት ይጓዛል። "ሐዲዱን ተከትለህ ና" ብለህ ፓይለት ብትመራ የቱን ሐዲድ እንደሆነ ለይተህ ንገረው።

ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን፣ በአዲጋላ በኩል የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አትርሳ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኃይል የሚያስተላልፍ ነው። ማማዎቹ ሜዳ ላይ ስለሆኑ በግልጽ ይታያሉ። ፈተናው እዚያ ያለው በአቧራ ቀን ነው።

ከየቢሮው ስትወጣ አንድ ነገር ይዘህ ውጣ፦ በዚያ ቀን ተረኛ የሆነውን ሰው የእጅ ስልክ። የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 አለ፣ ጻፈው። ነገር ግን አደጋ ሲደርስ መስመሩን የሚቆርጠው ሰው ስልክ በኪስህ መኖሩና ወረፋ መጠበቅ አንድ አይደሉም።

ደረጃ 2፦ በእግርህ ሂድ

ጊዜህን የምታጠፋው እዚህ ነው። ሌላውን ደረጃ ብታሳጥር ይህን አታሳጥር።

ሽቦ አትፈልግ። አንተም ከታች ሆነህ አታየውም። መብራት የሚበላውን ነገር ፈልግ። ወፍጮ ቤት፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የኔትወርክ ማማ፣ የውሃ ፓምፕ። እያንዳንዱን ስታገኝ "መብራቱ በየት በኩል ገባለት?" በል። ከዚያ ወደ ኋላ ምሰሶ ለምሰሶ ተከተል።

እኛ አካባቢ ፓምፕ ብዙ ነገር ይነግርሃል። ጫትና ሽንኩርት በመስኖ የሚለማበት ቦታ ሁሉ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ በጄኔሬተር ካልሆነ በመብራት ነው የሚሳበው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ከአሰሊሶ እየተገፋ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ውሃን ይህን ያህል ዳገት የሚገፋ ፓምፕ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። የውሃ ቱቦ ሲያጋጥምህ "ፓምፑ የት ነው?" ብለህ ጠይቅ።

ከቢሮ ሰው ይልቅ እረኛ ይጠቅምሃል። ልጆቹ ወፍ የሚቆምበትን ሽቦ ሁሉ ያውቁታል። ኦሮምኛህ ደካማ ቢሆንም "ኢብሳን ኤሳ ጂራ?" (መብራቱ የት ነው?) በል፣ ጣታቸውን ይቀስሩልሃል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ያሳየኝ ሽቦ አንድ ሰው ከቆጣሪው ወደ ወንድሙ ቤት በሁለት ቀጭን እንጨት የዘረጋው ነበር። እንዲህ ያለውን የትኛውም ካርታ አያሳይህም።

ምሰሶ ስታገኝ ምን ታያለህ? አቅጣጫውን። ምሰሶው አናት ላይ ያለው አግዳሚ ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ ይነግርሃል፤ ሽቦው የሚያልፈው አግዳሚውን መስቀለኛ ሆኖ ነው። አንድ ምሰሶ ላይ ሁለት አግዳሚ በተለያየ አቅጣጫ ካየህ እዚያ መስመሩ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ከአናቱ ወደ መሬት በሰያፍ የሚወጠር ሽቦ ካለ መስመሩ እዚያ ይታጠፋል ወይም እዚያ ያልቃል። ትራንስፎርመር ካለ ከእሱ ወዲያ ዝቅ ብሎ ወደ ቤቶች የሚበተን ሽቦ አለ። ይህን ካወቅህ ሽቦውን ሳታየው መሳል ትችላለህ።

ቁመቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግህም። 1 ሜትር የሆነ እንጨት ቀጥ አድርገህ አቁም። ጥላውን ለካ። በዚያው ደቂቃ የምሰሶውን ጥላ ለካ። እንጨትህ 60 ሳንቲ ሜትር ጥላ ጥሎ ምሰሶው 6.6 ሜትር ቢጥል፣ 6.6ን ለ0.6 አካፍል። 11 ሜትር ነው። መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት፤ ተዳፋት ላይ ይዋሻል። ሽቦው መሃል ላይ እንደሚረግብም አስታውስ። በቀትር ሲሞቅ ከጠዋቱ የበለጠ ይረግባል።

አሁን ከሁሉም የከፋውን ልንገርህ፤ ገደሉን። ከድሬ ወደ ሐረር ደንገጎን ስትወጣ ጥምዝምዙን መንገድ ታውቀዋለህ። እንዲህ ባለ ቦታ መስመር ከአንዱ ጋራ ትከሻ ተነስቶ ማዶ ካለው ጋራ ይሰቀላል። መሃሉ ላይ ምሰሶ የለም። ሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር ምሰሶዎቹን በግራና በቀኝ፣ ያውም ከጀርባው ከፍ ብለው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ነው የሚያገኛቸው። ሽቦው ደግሞ ከፊቱ ነው። ሸለቆ ካለ ሁለቱንም ጫፍ ወጥተህ እይ። መኪና ውስጥ ሆነህ "የለም" አትበል። ጊዜ ካላገኘህ ሸለቆውን በወረቀትህ ላይ በቀይ አጥረውና "አልታየም" ብለህ ጻፍበት። "አልታየም" ማለት "የለም" ማለት አይደለም፤ ፓይለቱ ልዩነቱን ያውቃል።

በመጨረሻ በአንድ ገጽ ሳል። ሰሜን የቱ እንደሆነ፣ መንገዱ፣ ምሰሶዎቹ በነጥብ፣ ሽቦው በመስመር፣ ቁመቱ በቁጥር፣ የሣልክበት ቀን። ጂፒኤስ ካለህ ምሰሶዎቹን መዝግብ። ስልክህም ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ማረፊያ ምረጥ

ቀላሉ ስሌት ይህ ነው። ሄሊኮፕተሩ በሚገባበትና በሚወጣበት አቅጣጫ ላለ መሰናክል ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ቁመት 8 ሜትር ርቀት ስጥ። ያ 11 ሜትር ምሰሶ 88 ሜትር መራቅ አለበት። እኔ 100 እለዋለሁ። 40 ሜትር ማማ ከሆነ 320 ሜትር። ቦታው ራሱ ለመካከለኛ ሄሊኮፕተር ቢያንስ 30 በ30 ሜትር፣ ሜዳ፣ ጠንካራ ይሁን። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፓይለቱ ነው፤ አንተ አማራጭ ታቀርባለህ።

ሰው ሁሉ የሚመርጣቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፣ ሁለቱም አይመቹኝም። አንዱ የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ነው። ሰፊ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ መስመሩ በአጥሩ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ልጆቹም አሉ። ሌላው የደረቀ ወንዝ አሸዋ ነው። ድሬ አካባቢ ይህ ትልቅ ፈተና ነው፤ አሸዋው ሰፊ ነው፣ ዛፍ የለበትም፣ ይጠራሃል። ግን መስመር ከዳር ዳር ይሻገረዋል። ክንፉ ደግሞ አሸዋውን ሲያነሳው ፓይለቱ በራሱ አቧራ ውስጥ ይጠፋል፤ ያኔ ያየውንም ሽቦ አያየውም። ክረምት ከሆነ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ድሬ ሳይዘንብ ሊመጣብህ ይችላል። በ1998 ዓ.ም የደቻቱ ወንዝ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፤ እንኳን በነዳጅ በርሜል፣ በባዶ እጅም ወንዝ ውስጥ አልቆምም።

አቧራ የማይቀር ከሆነ ቦታውን በቦቴ ውሃ አርጥበው። ከዚያ አካባቢውን ልቀም። ማዳበሪያ፣ ሸራ፣ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ወረቀት። ክንፉ የሚያነሳው ላስቲክ ሞተር ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ መስመር ላይ ሄዶ ሊጠመጠምም ይችላል። ሽርጥ ለብሰህ አትምጣ። ሽርጥ ምቹ ነው፣ እኔም እቤት የምለብሰው እሱን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ሱሪ።

ደረጃ 4፦ ከፓይለቱ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገር

ስዕልህን መኪናው አፍንጫ ላይ ዘርጋው። እያንዳንዱን መስመር በጣትህ አሳይ። ከዚያ እሱ መልሶ ይንገርህ። ይህን ማድረግ የሚያሳፍረው ሰው አለ፤ "ፓይለቱን ፈተነው" ይባላል ብሎ። ጥሩ ፓይለት ራሱ ይጠይቅሃል። አንድ መስመር ዘሎ ከነገረህ ያ መስመር ነው ነገ የሚመታው።

የሬዲዮ ቋንቋ ላይ ተስማሙ። እዚህ አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ፓይለቶች አቅጣጫን በሰዓት ነው የሚናገሩት፤ 12 ፊት ለፊት፣ 3 በቀኝ፣ 9 በግራ። እኛ ደግሞ ሰዓታችን ራሱ ከነሱ 6 ሰዓት ይለያል። አንድ ቀን ባልደረባዬ "ሽቦ 3 ሰዓት ላይ" ብሎ ተናገረ፣ ሌላኛው ሰው "አሁን እኮ 2 ተኩል ነው" አለው። ስቀናል፤ በአየር ላይ ሆኖ ቢሆን አያስቅም ነበር። ስለዚህ "በቀኝ"፣ "በግራ"፣ "ከፊት" በሉ። የአንተ ቀኝ ሳይሆን የእሱ ቀኝ።

የማቆሚያ ቃል አንድ ብቻ ይሁን፣ ሦስት ጊዜ ይባል። እኛ "ዋየር፣ ዋየር፣ ዋየር" ነበር የምንለው፤ ከየትኛውም አገር የመጣ ፓይለት ይገባዋል። ይህን ቃል የሰማ ፓይለት ምክንያት አይጠይቅም፣ ከፍ ይላል። አንተም በሌላ ነገር ላይ አትጠቀምበት።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከፍ ብሎ አንድ ዙር ይዙር፣ ስዕልህንና መሬቱን ያስተያይ። መስመር መሻገር ካለበት በምሰሶው አናት ላይ ይሻገር። ምሰሶው ይታያል፣ ከሽቦዎቹ ከፍተኛው የትም አይሰወርበትም።

አንዳንዱ ሄሊኮፕተር ከአፍንጫው ላይና ታች ሽቦ የሚቆርጥ ስለት አለው። ካናዳ ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠራ ነገር ነው። ጥሩ ነው፣ ግን የሚሠራው በቂ ፍጥነት ሲኖርና ሽቦው ፊት ለፊት ሲመጣ ነው። ክንፉንና ጅራቱን አያድንም። "መቁረጫ አለው" ብለህ እንዳትዘናጋ። ሽቦ ላይ የሚሰቀሉት የማስጠንቀቂያ ኳሶችም እንዲሁ። በዓለም አቀፉ ደንብ እያንዳንዱ ኳስ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፣ በየ30 እስከ 40 ሜትር ይሰቀላል። አየር ማረፊያ አካባቢ ታያቸዋለህ፤ ገጠር ውስጥ አትጠብቃቸው።

ደረጃ 5፦ ሥራው ሲጀመር

መኪናህን ከመስመሩ 50 ሜትር ቀድመህ፣ ሄሊኮፕተሩ በሚመጣበት በኩል አቁም። የአደጋ መብራቱን አብራ። ለፓይለቱ "ከመኪናው አታልፍ" ማለት ነው። ከሽቦው ሥር አትቁም፣ ምሰሶ ላይም ጨርቅም ሆነ ሌላ ነገር አትሰር። የሚያስብ ሰው እንኳን "ምልክት ይሁነው" ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ።

ሬዲዮ የያዘው ሰው ሌላ ሥራ አይሥራ። ነዳጅ አይቅዳ፣ ስልክ አያንሳ፣ ቪዲዮ አይቅረጽ። ሥራው አንድ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ወደ መስመሩ በዞረ ቁጥር "መስመሩ ከፊትህ" ማለት። ሃያ ጊዜ ቢሆን ሃያ ጊዜ። ይሰለቻል። ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያውቁ እንደነበር አትርሳ።

ሰው ይሰበሰባል። ድሬም ሐረርም ሄሊኮፕተር ከወረደ ቀበሌው ይወጣል። ሁለት የአካባቢ ሽማግሌ ጠይቅ፣ እነሱ ሕዝቡን ይያዙልህ፤ ከአንተ ፊሽካ የእነሱ ቃል ይበልጣል። ማንም ከጅራቱ በኩል አይቅረብ። የሚቀርበው ፓይለቱ ሲያየውና በእጁ ሲፈቅድለት፣ ከፊት ወይም ከጎን፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ተዳፋት ከሆነ ከታች በኩል። ከላይ ከመጣህ ክንፉ አንገትህ ጋ ነው።

ሙቀቱን አትናቅ። የድሬ አየር ማረፊያ 1,160 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሐረማያ 2,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሲሞቅና ከፍታው ሲጨምር ይሳሳል፣ ሄሊኮፕተሩ አቅም ያንሰዋል። ማለዳ በአንድ ሳብታ ከሽቦው በላይ የወጣው ሄሊኮፕተር ቀትር ላይ ያው ጭነት ይዞ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ጭነቱን ከፓይለቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲያልፍ አንበጣውም ይነሳል፣ ሰውም ይደክማል። "አንድ ዙር ብቻ" የምትለዋን ቃል ስትሰማ ጆሮህን አቁም። እኔ የሰማኋቸው ጭንቅ ወሬዎች ሁሉ በእሷ ይጀምራሉ።

ደረጃ 6፦ ጭነት በገመድ ከተንጠለጠለ

አጭር ነው። ደረቅና አቧራማ አየር ውስጥ የሚንሳፈፍ ሄሊኮፕተር በራሱ ላይ ኮረንቲ ያጠራቅማል። መንጠቆው መሬት ሳይነካ በእጅህ አትያዘው፤ ይጥልሃል። የገመዱን ርዝመት ለፓይለቱ ንገረው፣ ስዕልህንም እንደገና እየው። 20 ሜትር ገመድ ያንጠለጠለ ሄሊኮፕተር 20 ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚበር ነው። እሱ መስመሩን አልፎ ጭነቱ ላያልፍ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ሽቦ ከመታ

መጀመሪያ፦ አትሩጥ። ይህ ከሰው ባሕርይ ጋር ይጣላል፤ ሁላችንም ሮጠን ማውጣት እንፈልጋለን። ግን መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ዙሪያውን መሬቱን ራሱ ኮረንቲ ያደርገዋል። ወደ እሱ ስትራመድ አንዱ እግርህ ያለበት መሬትና ሌላው ያለበት ልዩነት አላቸው፣ በሁለት እግርህ መሃል ያልፍብሃል። ቢያንስ 10 ሜትር ራቅ። የብረት ማማ መስመር ከሆነ እጥፍ። ሰዎቹንም አርቅ። በዚያ ክልል ውስጥ ድንገት ካገኘኸው ራስህን፣ እግሮችህን አጣብቀህ፣ ሳታነሳቸው እየጎተትክ ወደ ኋላ ውጣ።

ሁለተኛ፦ "ሽቦው ሞቷል" አትበል። ብልጭታ ስለሌለው አልሞተም። ብዙ መስመር ሲቋረጥ በራሱ ተመልሶ እንዲሞክር ይደረጋል። ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ሰውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ መልሶ ሊያበራው ይችላል። ለዚህ ነው ያ የተረኛው ስልክ። ስትደውል ቦታውን፣ የምሰሶው ላይ ቁጥር ካለ ቁጥሩን፣ "ሄሊኮፕተር መስመር መትቷል፣ ሰው አለ፣ አትመልሱት" በል። ስልኩን አትዝጋ። መስመሩ ተቆርጦ፣ ወደ መሬት ታስሮ፣ በቦታው ያለ የእነሱ ሰው "አሁን ግቡ" እስኪል ማንም አይገባም።

ሦስተኛ፦ ውስጥ ያሉት። ሽቦ ሄሊኮፕተሩን ከነካውና እሳት ከሌለ ውስጥ መቆየት ይሻላል። በእጅህ "ቆዩ" በል፣ በሬዲዮም ንገር። እሳት ከተነሳ ግን መውጣት አለባቸው። ያኔ ክንፉ መቆሙን አይተው፣ በአንድ ጊዜ ሄሊኮፕተሩንና መሬቱን ሳይነኩ፣ ሁለት እግር አጣብቀው ይዝለሉ። ከዚያ እግራቸውን እንደተጣበቀ እየጎተቱ ይራቁ። ይህን ከበረራ በፊት አብራችሁ ተነጋገሩ፤ በዚያ ሰዓት ማንም ጮሆ ማስተማር አይችልም።

ነዳጅ ስለሚኖር ሲጋራ የያዘውን ሰው አባርር። መኪናህንም ከመስመሩ በታች በኩል አታምጣ።

የምታውቀውን ሁሉ በጽሑፍ ያዝ፣ የተሰበረውን አትንካ፣ ምርመራ ይኖራል።

ደረጃ 8፦ ሲመሽ

ስዕሉን አትጣለው። ዛሬ ያገኘኸውን አዲስ ምሰሶ፣ ያ ልጅ ያሳየህን ቀጭን ሽቦ፣ ፓይለቱ ከላይ ሆኖ ያየውን ጨምርበት። በቀይ ያጠርከውን ሸለቆ ነገ ጠዋት ማን እንደሚወጣው ስሙን ጻፍ። ቀኑን ጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቡድን ሲመጣ ያ ወረቀት ያረጃል፤ በሦስት ወር ውስጥ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሌላ ወፍጮ ቤት ተከፍቶ ይሆናል። ቀኑ ካለበት ግን ያረጀ መሆኑን ያውቃሉ፣ ከየት እንደሚጀምሩም ያውቃሉ። የእኔ የመጀመሪያው ስዕል ዛሬም አለኝ። ሻይ የፈሰሰበት፣ ወፍጮ ቤቱ ዘግይቶ በሌላ ቀለም የተጨመረበት።